ሃሙር፦ እናት ሆኖ ጀምሮ አባት የሚሆነው ዓሣ

ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ፣ እህት ወይም አክስት ባለችበት ቤት «ሃሙር» የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። ዱባይ፣ አቡዳቢ፣ ዶሃ ወይም ኩዌት በሰው ቤት የሠሩ ብዙ እህቶቻችን ይህን ዓሣ አጥበዋል፣ ቆራርጠዋል፣ ቀቅለዋል፣ ጠብሰዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱም ከሻንጣቸው ጥግ የደረቀ ሎሚና የቅመም ከረጢት ይገኛል። በዓል ሲደርስ ወይም የልጅ ልደት ሲከበር «የዓረብ ሩዝ» ይሠራል። ልጆች ይሻሙበታል። አያቶችም መጀመሪያ በጥርጣሬ ይቀምሱና ኋላ ሳህናቸውን ለድጋሚ ያቀርባሉ።

ስለ ምግቡ ጣፋጭነት ብዙ ተወርቷል። ዓሣው ራሱ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚያዝ ግን እምብዛም አይነገርም። ነገሩን ማወቁ ለወሬ ብቻ አይደለም። የሃሙር አኗኗር ከሌላው ዓሣ ለየት ያለ ስለሆነ፣ አንድ ቤተሰብ ገበያ ሄዶ የሚመርጠው የዓሣ መጠን ዘሩ እንዲቀጥል ወይም እንዲመናመን የራሱን ድርሻ ያዋጣል። እዚያ ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ ወገኖቻችንም፣ እዚህ ሆነው የእነሱን የምግብ አሠራር ለሚሞክሩም የሚጠቅም ነገር አለው።

የኮራል ጎረቤት

ሃሙር ግሩፐር በሚል የወል ስም ከሚታወቁት የሞቃት ባሕር ዓሦች አንዱ ነው። ከቀይ ባሕርና ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አንሥቶ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ድረስ ይገኛል። ገላው ቡናማ ሲሆን በጭንቅላቱና በጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል፤ በጎኑ ላይም ጠቆር ያሉ ሰያፍ ሰንበሮች ይታያሉ። አፉ ሰፊ፣ ከንፈሩ ወፍራም ነው። ዕድሜ ካገኘ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝምና 15 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ ሃሙሮችም ተገኝተዋል።

ቤቱ ኮራል ነው። ኮራል ከሩቅ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታት ለዘመናት የገነቡት የባሕር ውስጥ አለት ነው። ብዙ ጉድጓድና ዋሻ ስላለው ለዓሦች መጠለያም የምግብ ጓዳም ይሆናል። የሃሙር ጫጩቶች በባሕር ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ያድጉና ጠንከር ሲሉ ወደ አለቱ ይዘልቃሉ። አዋቂው ሃሙር እንደ ሌሎች ዓሦች በመንጋ ሲዋኝ አይውልም። በዋሻው አፍ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል። ትንሽ ዓሣ፣ ሽሪምፕ ወይም ክራብ ሲያልፍ አፉን በድንገት ከፍቶ ከነውኃው ስቦ ይውጠዋል።

የዓረብ ባሕረ ሰላጤ ጥልቀቱ በአማካይ ከ40 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ በሙቀት ወራት ውኃው በጣም ይግላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የነበረው ከባድ ሙቀት በአቡዳቢ ዳርቻ ብዙ ኮራል ገድሏል። ኮራሉ ሲሞት ቀስ በቀስ ይፈራርሳል፤ ዋሻው ሲጠፋም ባለቤቱ ቤት አልባ ይሆናል።

ጊደሩም ኮርማውም

የሃሙር ትልቁ ምስጢር በመዋለዱ ላይ ነው። ይህ ዓሣ ሕይወቱን የሚጀምረው በሴትነት ነው። አድጎ ለመውለድ ሲደርስ ለተወሰኑ ዓመታት እንቁላል ይጥላል። ከዚያ በኋላ ዕድሜው ሲገፋና ገላው ሲገዝፍ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ወደ ወንድነት ይለወጣሉ። ስለዚህ በአንድ የባሕር አካባቢ ትንንሾቹና መካከለኞቹ ሃሙሮች በአብዛኛው ሴቶች፣ ግዙፎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ ወንዶች ናቸው። እናት ሆኖ የጀመረው አባት ሆኖ ይጨርሳል ማለት ነው።

ይህን ለገበሬ ለመንገር ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ከብት የሚያረባ ሰው ጊደሯን ሳትወልድ አያርዳትም፤ ጥጃ የሚጠብቀው ከእሷ ነውና። መንደሩ ያለው አንድ ኮርማ ብቻ ከሆነም ሥጋው ብዙ ነው ብሎ ቢላዋ አያነሣበትም፤ ላሞቹ ያለ እሱ መካን ሆነው ይቀራሉና። በሃሙር ላይ የሚደርሰው ግን ሁለቱም ነው። ዓሣ አስጋሪው ትንሹን ሲይዝ ያልወለደች ጊደር ወሰደ ማለት ነው። ግዙፉን ሲይዝ ደግሞ ኮርማውን ነዳ ማለት ነው። ኮርማውን ለመተካት አንዲት ሴት ሃሙር ብዙ ዓመት በሕይወት መቆየት አለባት።

ሌላም ችግር አለ። የግሩፐር ወገን የሆኑ ብዙ ዓሦች ለመዋለድ ሲሉ በየዓመቱ በታወቀ ወቅት በታወቀ ቦታ ይሰበሰባሉ። ቦታውን የሚያውቅ አስጋሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ የአንድ አካባቢን ወላጆች ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። በካሪቢያን ባሕር ናሶ ግሩፐር የተባለው የሃሙር ዘመድ በብዙ ቦታ የተመናመነው በዚህ ዓይነት ማስገር ነው።

ጋርጉርና መንጠቆ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሃሙር በዋናነት በሁለት መንገድ ይያዛል። አንደኛው «ጋርጉር» የሚባለው ወጥመድ ነው። ቅርጹ እንደተደፋ ትልቅ እንቅብ ነው። ድሮ ከተምር ዛፍ ዝንጣፊ ይጎነጎን ነበር፤ ዛሬ ከሽቦ ይሠራል። በአንዱ ጎኑ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ አፍ አለው። ዓሣው የምግቡን ሽታ ተከትሎ በሰፊው በኩል ይገባል፤ በጠባቡ በኩል ግን መውጫውን ማግኘት ይቸግረዋል። አስጋሪዎች ወጥመዱን ከአለቱ አጠገብ አውርደው ለቀናት ይተዉታል፤ ከዚያ ተመልሰው ይጎትቱታል።

ጋርጉር ለአስጋሪው ድካም ይቀንሳል፤ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። የገባውን ሁሉ ይይዛል፣ ትንሽ ትልቅ አይመርጥም። ገመዱ ተበጥሶ ባሕር ውስጥ የቀረ ወጥመድ ደግሞ ማንም ሳያነሣው መያዙን ይቀጥላል። የገባው ዓሣ በረሃብ ይሞታል፤ የእሱ በድን ሌላውን ይጠራል፤ ያም ይሞታል። ለሰው ማዕድ የማይደርስ፣ ለባሕሩም የማይተርፍ ብክነት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በእጅ የሚያዝ ክርና መንጠቆ ነው። አስጋሪው ጀልባውን ከአለቱ በላይ ያቆምና በትንሽ ዓሣ ወይም በስኩዊድ ቁራጭ የታጠቀውን መንጠቆ እርሳስ አሥሮ ወደ ታች ይለቀዋል። ሃሙር ሲጎርስ ጥበቡ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። ዓሣው እንደተያዘ ሲያውቅ በቀጥታ ወደ ዋሻው ይወረወራል፤ እዚያ ከገባ ገላውን ነፍቶ ይወተፋል፤ ክሩም በአለቱ ስለት ይበጠሳል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ክሩ እንደተነካ ወዲያው፣ ፋታ ሳይሰጥ ከአለቱ ያርቀዋል።

በመንጠቆ የሚያሰግር ሰው ትንሹን መልሶ የመልቀቅ ዕድል አለው። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት የወጣ ሃሙር በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል፤ ተመልሶ ለመስመጥ ይቸገራል። በላይ ተንሳፎ የአሞራ ሲሳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብልህ አስጋሪ ትንንሾች የበዙበት ቦታ መሆኑን ሲያይ ጀልባውን አንቀሳቅሶ ሌላ ቦታ ይሞክራል።

የባሕሩ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ2010 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዱር እንስሳት ማኅበርና ደብሊው ደብሊው ኤፍ «በጥበብ ምረጡ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ዓሦችን እንደ ትራፊክ መብራት በአረንጓዴ፣ በብርቱካንማና በቀይ ከፋፈሉ። ሃሙር በቀዩ ውስጥ ገባ። በወቅቱ በተነገረው መሠረት ባሕሩ ሊተካ ከሚችለው በ7 እጥፍ ይሰገር ነበር። በአገሪቱ ደንብም ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ ሃሙር እንዳይያዝና እንዳይሸጥ ተከልክሏል።

አቡዳቢ እ.ኤ.አ. በ2019 ጋርጉርን ጭራሽ ከለከለች። ውጤቱ ብዙ አልቆየም። የአቡዳቢ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባሕሩን ሳይጎዳ የሚሰገረውን ድርሻ በመቶኛ ይለካል። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2018 8.9 በመቶ ነበር፤ በ2021 ግን 62.3 በመቶ ደረሰ። ቁጥሩ የሃሙር ብቻ ሳይሆን የዓሣው ሁሉ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምራል፦ ባሕር ጊዜና ፋታ ከተሰጠው ያገግማል። ሰው እጁን ሲሰበስብ ዓሣው ይመለሳል።

ገበያ ላይ ምን ይታያል?

በዱባይ የቀድሞው የዴራ ዓሣ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዋተርፍሮንት ገበያ ተዛውሯል። እዚያም ሆነ በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ዓሣው ከነጭንቅላቱ በበረዶ ላይ ተደርድሮ ይሸጣል፤ የሚያጸዱና የሚቆርጡ ሠራተኞችም አሉ። ለገዢ ቤተሰብ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

ዓይኑ ጥርት ብሎ ያበጠ ይሁን፤ የጎደጎደና የጨፈገገ ዓይን የቆየ ዓሣ ምልክት ነው። ስንጥቡ፣ ማለትም ከጭንቅላቱ ጎን ካለው ክዳን ሥር ያለው መተንፈሻ፣ ደም የመሰለ ቀይ እንጂ ቡናማ መሆን የለበትም። ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ወዲያው ይመለስ። ሽታው የባሕር ውኃ እንጂ የሚከረፋ አይሁን።

መጠኑን በተመለከተ ከ45 ሴንቲ ሜትር ያነሰውን መተው ግዴታ ነው። ሁለት ሰው የሚሸከመውን ግዙፉንም ሌላው ይግዛው ብሎ ሳይሆን ማንም ባይገዛው ይመረጣል። መካከለኛው ለቤተሰብ ይበቃል፤ ሥጋውም ከግዙፉ ይልቅ ለስላሳ ነው። ፊሌቶ ተብሎ ያለ ቆዳ የተቆረጠ ሥጋ ሲገዛ ደግሞ በሃሙር ስም ሌላ ርካሽ ነጭ ዓሣ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ዓሣውን ሙሉውን አይቶ ማስቆረጥ ይሻላል። ሃሙርን የዘወትር ምግብ ከማድረግም ለእንግዳና ለበዓል ማቆየት ለኪስም ለባሕሩም ይጠቅማል።

ማዕድ ቤት ውስጥ

ከሃሙር ከሚሠሩት ምግቦች ታዋቂው በኤምሬቶችና በኩዌት «መችቡስ» የሚባለው የሩዝ ምግብ ነው። በሳዑዲ የሚታወቀው ከብሳ የእሱ ዘመድ ነው። ለ6 ሰው የሚበቃው አሠራር እንደሚከተለው ነው።

የሚያስፈልገው፦ ከአንድ ኪሎ በላይ የሆነ፣ በ6 የተቆረጠ ዓሣ ከነጭንቅላቱና ከአጥንቱ፤ 3 ብርጭቆ ባስማቲ ሩዝ፤ 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፤ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፤ ትንሽ ዝንጅብል፤ 2 ቲማቲም፤ 2 የደረቀ ሎሚ፤ 1 እንጨት ቀረፋ፤ 4 ፍሬ ሄልና 4 ቅርንፉድ፤ እርድ፣ ከሙን፣ የድንብላል ዱቄትና ቁንዶ በርበሬ እያንዳንዳቸው አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ዘይትና ጨው።

በመጀመሪያ ሩዙን አጥበው ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። ዓሣው ቤት ውስጥ የሚጸዳ ከሆነ በጀርባው ላይ ያሉት የክንፉ እሾሆች የተሳሉ ስለሆኑ ቀድመው በመቀስ ይቁረጧቸው፤ ከዚያ ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ጭንቅላት ይፋቁት። ከጭንቅላቱ ላይ ስንጥቡን አውጥተው ይጣሉት፤ መረቁን ያመራልና። ጭንቅላቱንና አጥንቱን በ6 ብርጭቆ ውኃ ከግማሽ ሽንኩርት ጋር በመጠነኛ እሳት ለ25 ደቂቃ ያህል ቀቅለው ያጥልሉት።

የተቆረጠውን ዓሣ በጨውና ከየቅመሙ ግማሹን ወስደው ይሹት፤ ለ20 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ በጋለ ዘይት ከየጎኑ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ብቻ ጠብሰው ያውጡት። ሙሉ በሙሉ እንዲበስል አይጠብቁ፤ ቀሪውን ሩዙ ላይ ሆኖ ይጨርሳል።

በትልቅ ድስት የቀረውን ሽንኩርት ቡናማ እስኪሆን አቁላሉት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ቀረፋውን፣ ሄሉን፣ ቅርንፉዱንና የቀረውን ቅመም ጨምረው ያማስሉት። ቲማቲሙን ይጨምሩ። የደረቀውን ሎሚ በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው ይክተቱት፤ ለምግቡ ያን ለየት ያለ የሚኮመጥጥ ጣዕም የሚሰጠው እሱ ነው። 4 ብርጭቆ ተኩል የተጠለለ መረቅ ጨምረው ጨው ይቅመሱ። ሲፈላ የተጠለለውን ሩዝ ይጨምሩ። መረቁን ሊመጥ ሲቃረብ ዓሣውን ከላይ ደርድረው፣ ድስቱን ገጥመው ከድነው በጣም በቀዘቀዘ እሳት ለ10 ደቂቃ ያቆዩት። ዓሣው መብሰሉ የሚታወቀው ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ በቀላሉ ሲፈረፈር ነው።

ከጎኑ «ደቁስ» ይቀርባል፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አብረው በስለው የሚሠራ ማባያ ነው። ዳጣ ለለመደ ሰው ጣዕሙ ሩቅ አይደለም።

ሃሙር በሌለበት ቤት፣ ለምሳሌ እዚህ አገር፣ የጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች ጥሩ ተተኪ ነው። ሥጋው ነጭ፣ ወፍራምና የማይበታተን ስለሆነ መጥበሱንም መቀቀሉንም ይችላል። ቆሮሶ ግን ቀጭን ስለሆነ በሩዙ ላይ የሚቆየው 5 ደቂቃ ይበቃዋል። በጾም ወቅት ዓሣ መብላት አለመብላት በምእመናን ዘንድ የሚያከራክር ነውና እያንዳንዱ ቤት የነፍስ አባቱን ምክር ይከተል።

ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች

ሃሙር አጥንቱ ትልልቅና በቀላሉ የሚለይ በመሆኑ ወላጆች ይወዱታል። ቢሆንም ለሕፃን ከመስጠት በፊት ሥጋውን በጣት እየፈረፈሩ መዳሰስ አይቀርም። የዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ሲሰካ እንጀራ ወይም ዳቦ ጠቅልሎ ማስዋጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ሐኪሞች ግን አይመክሩትም፤ አጥንቱን ይበልጥ ሊሰካው ይችላልና። ሕመሙ ካልለቀቀ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፣ ልጁ መተንፈስ ከተቸገረ ደግሞ ደቂቃ ሳያባክኑ ድንገተኛ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ ሜርኩሪ ነው። ሌሎች ዓሦችን እየበላ ብዙ ዓመት የሚኖር ዓሣ ሜርኩሪ በገላው ያከማቻል፤ ይህ ደግሞ የሚያድገውን የልጅ አንጎል ይጎዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግሩፐርን በመካከለኛው ምድብ ያስቀምጠዋል፦ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳትበላው ይመክራል። አንድ ጊዜ ማለት 110 ግራም ገደማ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ነው። ለልጆች ሜርኩሪያቸው አነስተኛ የሆኑት ይመረጣሉ፤ የእኛው ቆሮሶ ከእነዚያ አንዱ ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በአንድ ጊዜ 30 ግራም ገደማ፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት ላለው 60 ግራም ገደማ ይበቃል። ግዙፉን ሃሙር የመተው ምክር እዚህም ይሠራል። ረጅም ዕድሜ የኖረው ዓሣ ብዙ ሜርኩሪ የተሸከመው ነው። ለባሕሩ የሚበጀው ለልጁም ይበጃል።

በቀጣዩ በዓል ሩዙ ሲቀርብ ከልጆቹ አንዱ «ይህ ዓሣ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዓረብ አገር የነበረችው አክስት ስለ ገበያውና ስለ ድስቱ ትንገራቸው። አያት ደግሞ ስለ ጊደሯና ስለ ኮርማው ይጨምሩበት። ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅም ቢሆን ዘር የሚተካውን ትቶ የሚበቃውን መውሰድ ምን እንደሆነ ከአያቱ ከብቶች ይገባዋል።